ስክሪን የሌለው ሣጥን

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው ተከራዩ ልብስ ሰፊ ነው። ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለአከራዩ አዛውንት ያሳጠረላቸውን ሱሪ ሊያስረክብ ወደ ዋናው ቤት ዘለቀ። ሳሎኑ ክፍት ነው፤ ሰው ግን የለም። ተጣራ፤ መልስ አጣ። ከደረጃው ሥር ያለችው የዕቃ ክፍል በሯ ገርበብ ብሏል። ገፋ ቢያደርገው አልሄድ አለው። ጠንከር አድርጎ ሲገፋው በሩን የያዘው የሰው እግር መሆኑን አየ። ሱሪውን እዚያው ጥሎ እየጮኸ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነበር። አንዲት የመንጋጋ ጥርስ ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ ነስታዋለች።

«ለምን አያስነቅሏትም አለቃ?» አለው አብሮት የመጣው ሳጅን።

«ጥርስና ወንጀለኛ አንድ ናቸው፤ እስኪነቃነቁ መጠበቅ ነው።» ቀልዱ ለራሱም አላሳቀውም።

ሟቹ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሠፈርተኛው ስማቸውን ትቶ «አባባ ስምሪት» ነው የሚላቸው፤ በራቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን «ወዴት ነው? በስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» ሳይሉ አያሳልፉም ነበርና። አሁን በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከራስጌያቸው ባለው የብረት መደርደሪያ ጥግ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል።

«አዳልጧቸው ይሆን?» አለ ሳጅኑ።

«ሸሚዛቸውን ተመልከት» አለ የፖሊስ ሐኪሙ ተንበርክኮ እንዳለ። «ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል። ደረታቸው ላይ በግራም በቀኝም የመዳፍ ያህል ቀልቷል። ሰው ነው የገፈተራቸው፤ በሁለት እጁ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት።»

የተሰረቀ ነገር የለም። ሰዓታቸው እጃቸው ላይ፣ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሩ ክፍሏን ቀስ ብሎ ቃኘ። የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ የታጠፈ ተሽከርካሪ ወንበር። መደርደሪያው ላይ የመጽሐፍ ያህል የምታክል ጥቁር የኮምፒውተር ሣጥን አረንጓዴ መብራቷን ቦግ እልም እያደረገች ታጉረመርማለች። ስክሪን የላትም፤ የመጻፊያ ቁልፎችም የሏትም። ከጎኗ ያለው የኢንተርኔት ራውተር ላይ አንድ ረጅም ቢጫ ኬብል ተሰክቷል። ሌላው የኬብሉ ጫፍ ግን ምንም አልያዘም፤ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ግድግዳው ላይ፣ ባዶ ምስማር ዙሪያ፣ አቧራ ያልነካው ክብ ምልክት አለ።

«ይህ ኬብል ተጠቅልሎ እዚህ ተሰቅሎ ነበር» አለ። «ዛሬ ነው ያወረዱት።»

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ፤ አፋቸው ወርቅ የተቀባ። አንደኛው ተጠጥቷል፤ ሌላው እንደተቀዳ ቀዝቅዟል። ኢንስፔክተሩ ጉንጩን ያዘና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

*

ልብስ ሰፊው በግቢው የፊት ክፍል ነው የሚሠራው። ከክሮቹ መሃል ተቀምጧል።

«ቅዳሜ ከሽማግሌው ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤትማ ሳስነጥስ ‹አልጋ ያዘ› ነው የሚለው፣ ጌታዬ።»

«‹ይህን ሣጥን አንድ ቀን እሰብረዋለሁ› አላልክም?»

«ብያለሁ። በንዴት ነው። የእኔ ካውያና የሳቸው ሣጥን ባንድ መስመር ላይ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ካውያውን ስሰካ ቆጣሪው ዘለለ፤ ቤቱ በሙሉ መብራት አጣ። አባባ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ‹የልጄን መስመር ቆረጥክባት!› አሉኝ።»

«የምን መስመር?»

«ትልቋ ልጃቸው ነርስ ናት፤ ሌላ ከተማ። ባለቤታቸው አልጋ ላይ ሳሉ ልጅቷ ካሜራ ተክላ፣ በዚያ ሣጥን በኩል ከሥራ ቦታዋ ሆና እናቷን ታያለች። ስምንት ወር ሙሉ። እናትየው ካረፉ አራት ወራቸው ነው። ካሜራው ተነቀለ፤ ሣጥኑ ግን ቀረ። የእናቷ ምስል ሁሉ እሱ ውስጥ ነው።»

«ዛሬ ከሦስት እስከ አምስት የት ነበርክ?»

«ለአንድ ሆቴል የአስተናጋጆች ልብስ ሳስረክብ። አሥራ ስምንት ኮት። አንድ በአንድ እየለኩ ነው የተቀበሉኝ።»

ሳጅኑ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። እውነቱን ነው። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ድረስ ከዚያ አልወጣም።

*

ታናሹ ልጅ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከአባቱ ቤት አሥር ደቂቃ ርቆ ይኖራል። ኢንስፔክተሩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አገኘው። መምህሩ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ጫፉን ስቶ ሊወድቅ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ክፍል ውስጥ። ሳስተምር።»

«ከአባትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ አባትና ልጅ።»

«የእናትህን አልጋ ለሰው ሰጡ ብለህ ባለፈው ወር ግቢ ውስጥ ጮኸሃል።»

«ጮኼያለሁ። ሳይነግሩኝ ነው የሰጡት።» መምህሩ ወደ ኢንስፔክተሩ አየ፤ ግን ዓይኑ ትከሻው ላይ ነው ያረፈው። «በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ገለጡ። መምህሩ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ወጥቷል። የተመለሰው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞለታል።

ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ፊቱ ቆመ። «ዋሽተኸኛል። የት ነበርክ?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ።

«አባትህ በተገደሉበት ሰዓት የት ነበርክ ነው የምልህ!»

«አልነግርህም» አለ መምህሩ። ተማሪዎቹ በመስኮት እያዩት በፖሊስ መኪና ተወሰደ።

*

ነርሷ ማምሻውን በአውቶቡስ ደረሰች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አላለቀሰችም። መጀመሪያ ያለችው፣ «እጄን የምታጠብበት ቦታ አለ?» ነበር።

«ስለሚጠበቅብኝ ነው የምጠይቅዎት» አላት ኢንስፔክተሩ ስትመለስ። «ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የእረፍት ቀኔ ነበር። ከዚህ በአውቶቡስ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ነው የምሠራው። ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው።» ትንሽ አሰበች። «ሣጥኑ ይመሰክርልኛል። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በላፕቶፔ ገብቼ የእናቴን ቪዲዮ ሳይ ነበር። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ይመዘግባል።»

«እርስዎ ነዎት የተከሉት?»

«እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ከኢንተርኔት አንድ ገጽ እያነበብኩ። ስክሪን ስለሌለው መጀመሪያ ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ አድራሻውን ፈልጌ ነው የገባሁበት። ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታዬ ሆኜ እንዳየው፣ ራውተሩ ላይ ከውጭ የሚገባበትን በር ከፈትኩለት። አባባ ሻይ እያመላለሰ ‹ይቺ ዕውር ሣጥን በምን አይታ ነው መንገድ የምታሳይሽ?› ይለኝ ነበር።» ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። «ወንድሜን ልቀቁት። ዝንብ አይገድልም።»

*

የፖሊስ ኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ሽቦ» ነው የሚሏት። ሣጥኑን ከቤቱ ሳታነሳ፣ እዚያው ከደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በራሷ ላፕቶፕ ገባች።

«እውነቷን ነው» አለች። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በነርሷ ስም ተገብቷል። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቆይታለች።»

«ስለዚህ አባቷ ከዚህ ሣጥን ሥር ሲሞቱ እሷ በሌላው ጫፍ ቪዲዮ ታይ ነበር ማለት ነው።»

«ይመስላል።»

ኢንስፔክተሩ የነርሷን ስም ደብተሩ ላይ በአንድ መስመር ሰረዘው። መምህሩ ቀረ። ልምድ እንደሚለው፣ የሚዋሽና ዝም የሚል ሰው አንድ ነገር አድርጓል። ኢንስፔክተሩ ግን ደስ አላለውም። በማግስቱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ፤ የጥርስ ሐኪሙ ሥሯ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ አለው።

*

ረቡዕ ከሰዓት መምህሩን ከማረፊያ ቤት አስጠርቶ ቃሉን አስፈረመው። መምህሩ እስክሪብቶውን ይዞ ጎንበስ አለ፤ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ። ፈረመ። ግማሹ ፊርማ ጠረጴዛው ላይ ነው ያረፈው።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይንህ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ትከሻው ወረደ። «ዓመት ከመንፈቅ። ከዳር ዳር እየጨለመ ነው የሚመጣው። ካርታ ሰሌዳ ላይ ስሰቅል አገሮቹን በቃሌ ነው የማሳያቸው። ሰኞ ሰኞ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤቱ ከሰማ በነጋታው ያባርረኛል።»

«ለዚህ ብለህ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ነበር?»

«ከትምህርት ቤቱ ወጥቼ የት ነው የምገባው፣ ኢንስፔክተር? ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

ክሊኒኩ ተጠየቀ። መምህሩ ሰኞ ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ አምስት ሰዓት ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ተጨምሮለት፣ በፋሻ ታስሮ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ሦስት ሰው አይቶታል። ርዕሰ መምህሩ ግን ፖሊስ ለምን ክሊኒክ እንደሄደ በዚያው ቀን ሰሙ።

ኢንስፔክተሩ መልቀቂያውን እየጻፈ፣ «አንድ ጥያቄ» አለ። «አባትህ አንተ ስትሄድ በየትኛው ብርጭቆ ነው ሻይ የሚሰጡህ?»

«ባገኙት ነው። በተሸረፈችው።»

«ወርቅ የተቀባውስ?»

«እሱማ የሚወጣው ለእንግዳና ለ...» መምህሩ አፉን ያዘ።

«ለእንግዳና ለማን?»

«ለእንግዳ» አለ መምህሩ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ለእንግዳ ብቻ።»

*

ማታውኑ ኢንስፔክተሩ የሁሉንም ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስ ቆመ። *የልጄን መስመር ቆረጥክባት።* ሽቦ ዘንድ ደወለ።

«መብራት ሲጠፋ ከውጭ የሚገባበት በር ምን ይሆናል?»

«እንደ ራውተሩ ነው። አንዳንዱ ሲነሳ ያስታውሳል፤ አንዳንዱ ይረሳል። ከረሳ፣ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ካልከፈተው በቀር ከውጭ ማንም አይገባም።»

«ይህኛውስ?»

«ጠዋት አየዋለሁ።»

«አሁን ሂጂ። ጠዋት ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሽቦ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዓቱንና ስሙን አይቼ ነው የተውኩት። እያንዳንዱ የገባ ሰው የመጣበት ቁጥርም ተመዝግቧል። ከውጭ ሲመጣ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ከቤቱ ውስጥ ሲመጣ ሌላ። ዓመት ሙሉ ነርሷ የገባችው በውጭ ቁጥር ነው። የሰኞው ግን...»

«ከውስጥ ነው።»

«ከውስጥ ነው። በኬብል። የውጩ በር ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ ነው እንደገና የተከፈተው። ላፕቶፕ ይዞ እዚህ ክፍል የቆመ ሰው ነው የከፈተው።»

*

ነርሷን በአባቷ መኝታ ቤት አገኛት። የአባቷን ሸሚዞች አልጋው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እያጠፈች ነው። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመጣው «እርስዎ» ሊል ነበር፤ አፉ ሌላ አወጣ።

«ልጄ፣ ሰኞ ጠዋት ከዚህ ቤት ውስጥ ነበርሽ።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«ቢጫውን ኬብል ከምስማሩ ያወረድሽው አንቺ ነሽ። አባትሽ ያንን ብርጭቆ ያወጡት ላንቺ ነው። ሻይውን አልጠጣሽውም።»

ከዚያ ሸሚዙን አጥፋ ጨርሳ፣ ከሌሎቹ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«አራት ወር ሙሉ የእናቴን የመጨረሻ ቀን መክፈት አልቻልኩም» አለች። «ሌላውን ቀን ሁሉ አየዋለሁ። ስትበላ፣ ስትስቅ፣ አባቴን ስትሳደብ። የመጨረሻውን ግን እደርስና እመለሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በርትቼ ከፈትኩት። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ድምፁን ካልዘጋሁት ምስሉ አይንቀሳቀስም። እናቴ ስትንፈራገጥ አየሁ። አባቴ ትራስ ይዞ ወደ ፊቷ ጎንበስ አለ። እዚያ ላይ ቀጥ አለ፤ ተቋረጠ።»

«መብራት ጠፍቶ ነው። ልብስ ሰፊው ካውያ ሰክቶ።»

«አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ አይከፍትም። ደወልኩለት። ‹ሣጥኑን ነካክተኸዋል?› አልኩት። ‹እኔ ምን አውቄ› አለኝ። ማስረጃውን ያጠፋ መሰለኝ። ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ። ላስተካክለው ነው የመጣሁት ስለው ደስ አለው። ዳቦ ልግዛልሽ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«በሩን መልሼ ከፈትኩ። ከዚያ ያንን ቀን አወጣሁና ምስሉን ፊቱ አድርጌ ‹እዚህ ላይ ምን እያደረግክ ነው?› አልኩት። አባቴ ነጭ ሆነ። ላፕቶፑን በእጁ ከደነው። ገመዱን ሊነቅል እጁን ዘረጋ። ‹ተይው። ይህን አንቺ አትስሚው› አለኝ። ‹ገደልካት?› አልኩት። ‹ተይው ልጄ› ብቻ ነው የሚለኝ። ገፋሁት።» እጆቿን አየቻቸው። «ነርስ ነኝ። አንገቱ ላይ ትርታውን ፈለግኩ። የለም። ያወቅኩት ወዲያው ነው። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ።»

«ቀሪውን አላየሽውም?»

«ምን ቀረኝ ብዬ?»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «‹አትዪው› ነው ያሉሽ ወይስ ‹አትስሚው›?»

«አትስሚው» አለች። ቅንድቧ ተሸበሸበ። «አትስሚው ነው ያለኝ።»

*

ሽቦ የመጨረሻውን ቀን ቪዲዮ ከነድምፁ ከፈተችው። እሷ፣ ኢንስፔክተሩና መምህሩ ነበሩ በክፍሉ ውስጥ። መምህሩን የጠሩት የአባቱን ድምፅ እንዲለይላቸው ነው።

ምስሉ ላይ እናትየው አየር ያጥራቸዋል። አዛውንቱ ትራስ ይዘው ጎንበስ አሉ። ነርሷ ያላየቻቸው ሰባት ሰከንዶች መጡ፤ ሚስታቸውን በአንድ እጃቸው አቅፈው ቀና አደረጓቸውና ትራሱን ከጀርባቸው ደገፉት። ከአምቡላንስ አገልግሎት ጋር የሚነጋገሩበት ስልክ ትከሻቸውና ጆሯቸው መሃል ተይዟል።

«...ልጄ የላከችው አዲስ ክኒን ነው» ይላል የአዛውንቱ ድምፅ። «ለእንቅልፍ። አንድ ፍሬ። አዎ፣ የልብ መድኃኒቷንም ወስዳለች... አብሮ አይሰጥም? እንዴት አይሰጥም? ልጄ ነርስ ናት!... አምቡላንሱ የት ደረሰ? በየት በኩል ነው የሚመጣው? በድልድዩ በኩል በላቸው፣ በዚያኛው መንገድ ሥራ አለ!»

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ተንፍሽ። ተንፍሽ የኔ እመቤት። መጡ፤ ደረሱ።»

አምቡላንሱ የደረሰው ከሃያ ስድስት ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚተነፍስ አልነበረም። አዛውንቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ሮጦ ሲገባ ይታያል። «ስማ» ይላሉ አባቱ። «የልብ ድካም ነው እንላለን። ክኒኑን ጥለኸው ና። እህትህ ይህን እንዳትሰማ። በእናትህ አጥንት ማልልኝ።»

ሽቦ ዘጋችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምዬ ነበር» አለ መምህሩ። «ብርጭቆውን ስትጠይቀኝ ደግሞ እሷ መሆኗን ጠረጠርኩ። ቀድሜ ብናገር አባቴ የሞቱለትን ምስጢር አወጣሁ ማለት ነው። ባልናገር ደግሞ... ኢንስፔክተር፣ አጥፋው። ቆጣሪው ዘለለና ጠፋ በል። እሷ ጥፋቷን አምናለች። ምን ይጨምርላችኋል?»

ኢንስፔክተሩ ሽቦን አያት። ራሷን ነቀነቀች። «ትናንት ማታ ሦስት ቅጂ ወጥቶለታል። አንዱ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄዷል።»

«ጠበቃዋ ያሰማታል» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሱ ባያሰማት ሌላ ያሰማታል። ከማን ትስማው ነው እንጂ፣ ትሰማዋለች።»

መምህሩ በሩን በእጁ እየዳሰሰ ወጣ። ከትናንት ጀምሮ ሥራ የለውም።

*

ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሩ ላፕቶፑንና ማዳመጫውን በርጩማ ላይ አደረገላት። በመንገዱ ላይ የሚላትን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሲደርስ ሁሉም ጠፋበት።

«ድምፅ አለው» ብቻ አላት። «ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም። አባትሽ እንዳትሰሚው ፈልገው ነበር።»

«እናቴን አልገደላትም፣ አይደል?»

«አልገደሏትም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ኢንስፔክተሩ ፊቷን ላለማየት ወደ በሩ ዞሮ ቆመ። ምንም አልሰማም፤ ለቅሶም፣ ጩኸትም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ መለሰችው። ሁለተኛ ሰማችው። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለችው።

«ሪፖርቱን ልየው» አለች።

ሰጣት። በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበች። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ጣቷ ቆመ።

«የክኒኑን ስም ተሳስተሃል። እንዲህ አይደለም የሚጻፈው።» እጇን ዘረጋች። እስክሪብቶውን ሰጣት። ስሙን ሰርዛ ከበላዩ አስተካክላ ጻፈችው። ከጎኑ መጠኑን፣ የተላከበትን ቀን፣ የላከውን ሰው ስም ሞላች፤ በሆስፒታል ካርድ ላይ እንደሚሞላው፣ ፊደሎቹ እኩል፣ ቀጥ ያሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን እስክሪብቶው ተንጠልጥሎ ቀረ። በሥራ ቦታዋ ካርድ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው «የታዘዘበት ምክንያት» ነው። የሪፖርቱ ወረቀት ላይ እንዲያ የሚል ቦታ የለም። ኅዳጉ ላይ ጻፈችው።

«ሌሊት ሌሊት አልተኛም ብላኝ ነበር» አለች፣ ወረቀቱን እየመለሰች። «እንቅልፍ እንዲወስዳት ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣና በሩን ከውጭ ቆለፈው።